ደብዳቤ ለልጄ፦ ከፍ ስላደረግሽው መስመር

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔና አባትሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ነገ ኅዳር ጽዮን ስለሆነ አባትሽ በጠዋት ለመሄድ ነጠላውን አዘጋጅቶ በጊዜ ተኝቷል። እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ ሐዋሳ፣ አንቺ ጠረጴዛ ላይ ነው። ትናንት ስልኩ በመሃል ባይቋረጥ ይህን ሁሉ በቃል እነግርሽ ነበር። በጽሑፍ መሆኑም አይከፋም፤ ሲቸግርሽ አውጥተሽ ታነቢዋለሽ።

በትክክል ሰምቼሽ እንደሆነ ያልሽኝን ልድገመው። የጃቫ ፕሮግራማችሁ ሪፖርቱን ወደ ኤክሴል እንዲያወጣ አፓቺ ፖይ 5.2.3 የሚባለውን ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን ኮድ) ፖም ፋይሉ ላይ፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚገነባው ማቨን የትኞቹን ላይብረሪዎች እንደሚያመጣ የሚያነብበት ዝርዝር ላይ፣ ጨመርሽ። ኮዱ ያለ ስህተት ተተርጉሞ ኮምፓይል ሆነ፤ ቴስቶቹም አለፉ። ሰርቨሩ ላይ ከወጣ በኋላ ግን የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ «ኤክሴል አውርድ» የሚለውን ስትጫን ምንም አልወረደም፤ ፕሮግራሙ የሆነውን የሚጽፍበት ሎግ ላይ «ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ ኤረር»፣ አንድ ክላስ (የኮድ ክፍል) አልተገኘም የሚል ስህተት፣ ወጣ። ግማሽ ቀን ታገልሽ። በመጨረሻ አብሮሽ የሚሠራው ልጅ «የፖይን መስመር ከሌሎቹ በላይ አድርጊውና ሞክሪ» አለሽ። አደረግሽው፤ ሠራ። «እማዬ፣ ተፈታ!» ብለሽ ደወልሽልኝ።

አልተፈታም፣ የኔ ልጅ። ደስታሽን ለማበላሸት አይደለም። ግን አንድ መስመር ከታች ወደ ላይ በመሄዱ ብቻ የሚድን ፕሮግራም፣ ነገ ሌላ ሰው ፖም ፋይሉን በፊደል ተራ ላስተካክል ቢል ተመልሶ ይወድቃል። ያ ሰው ምን እንዳበላሸ አያውቅም፤ አንቺም ምን እንዳዳንሽ አታውቂም። ትናንት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። አንቺ ፖም ፋይሉ ላይ የጻፍሽው ፖይን ብቻ ነው። ፖይ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ እሱ ራሱ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች አስከትሎ ነው የሚመጣው። ከነሱ አንዱ ኮመንስ አይኦ 2.11.0 ነው። ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ከዱሮ ጀምሮ ፋይል ለመጫን የምትጠቀሙበት ኮመንስ ፋይል አፕሎድ 1.4 አለ ብለሽኛል። እሱም ኮመንስ አይኦን ይዞ ይመጣል፤ ግን ያረጀውን፣ 2.2ን። አንድ ላይብረሪ በሁለት ቨርዥን ተጠራ ማለት ነው፤ ማቨን ደግሞ ሁለቱን ባንድ ላይ አያስገባም፣ አንዱን ይመርጣል። የሚመርጠውም አዲሱን አይደለም፤ ለፕሮጀክትሽ ቅርብ የሆነውን ነው። አንቺ ራስሽ በቀጥታ የጻፍሽው፣ በሌላ ላይብረሪ በኩል ከመጣው ይቀድማል። እዚህ ግን አንዱ በፖይ፣ ሌላው በፋይል አፕሎድ በኩል የመጡ ናቸው፤ ርቀታቸው እኩል ነው። እኩል ሲሆንበት ማቨን መጀመሪያ የተጻፈውን ይወስዳል። ፋይል አፕሎድ ከላይ ስለነበር 2.2 ገባ። ፖይ የፈለገው ክላስ ደግሞ ኮመንስ አይኦ ውስጥ የተጨመረው በ2.7 ነው። ሎጉን እንደገና እዪው፤ የክላሱ ስም «አንሲንክሮናይዝድ ባይት አሬይ አውትፑት ስትሪም» ሳይሆን አይቀርም።

«ታዲያ ኮምፓይለሩ ለምን አልነገረኝም?» ትዪኛለሽ። ኮምፓይለሩ ያየው ያንቺን ኮድ ነው። ያንን ክላስ የጠራሽው አንቺ አይደለሽም፤ ፖይ ነው፤ ፖይ ደግሞ ቀድሞ ኮምፓይል ሆኖ ታሽጎ የመጣ ፋይል፣ ጃር፣ ነው። ጃቫ ክላሱን የሚፈልገው ሥራው እዚያ ሲደርስ ብቻ ነው። ኤክሴል የሚያወጣ ቴስት ስላልነበራችሁ መጀመሪያ የደረሰችው የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ ሆነች።

ሰኞ ስትገቢ መጀመሪያ «ኤምቪኤን ዲፔንደንሲ ትሪ» በይውና ዛፉን፣ የትኛው ላይብረሪ የትኛውን አስከትሎ እንደመጣ የሚያሳየውን፣ ሙሉውን አውጪው። ቨርቦስ ጨምሪበት፤ ያኔ ሳይመረጡ የቀሩትንም ያሳይሻል። «ኦሚትድ ፎር ኮንፍሊክት ዊዝ» (ከሌላ ጋር በመጋጨቱ የተተወ) የሚል መስመር ባየሽበት ሁሉ ቁሚ፤ ማቨን አንቺን ሳይጠይቅ የወሰነው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ፖም ፋይሉ ላይ «ዲፔንደንሲ ማኔጅመንት» የሚለው ክፍል ውስጥ ኮመንስ አይኦን በስሙ ጠርተሽ 2.11.0 ብለሽ ጻፊ። እዚያ የተጻፈ ቨርዥን በማንም በኩል ቢመጣ የሚያዘው እሱ ነው። ያን ጊዜ የፖይን መስመር ወደ ነበረበት መልሺው፣ ከሁሉም በታች፣ ፕሮግራሙን እንደገና ገንቢው፣ ማለትም ቢልድ አድርጊና፣ ኤክሴሉን አውርጂ። እታችም ሆኖ ከሠራ ተፈታ ማለት ነው። ፋይል መጫኑንም ሞክሪው፣ አደራ፤ አሁን እሱ ባልለመደው ቨርዥን ላይ ነው የቆመው።

ይህን ያህል የምጨነቀው ለምን እንደሆነ ነግሬሽ አላውቅም።

አንቺን የወለድኩሽ በጥር 1996 ነው። ያኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለገሃር አካባቢ ነበር፤ የደመወዙን ፕሮግራም በጃቫ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቢልድ የምናደርገው በአንት ነበር። አንት ጄምስ ዳንካን ዴቪድሰን ቶምካት የሚባለው የጃቫ ዌብ ሰርቨር ላይ ሲሠራ የፈጠረው መሣሪያ ነው፤ ራሱን ችሎ የወጣው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ኮምፓይል አድርግ፣ ጠቅልል፣ ቅዳ ስትዪው ሁሉንም ያደርጋል፤ ላይብረሪው ከየት ይምጣ፣ የትኛው ቨርዥን ይሁን የሚለው ግን የኛ ፈንታ ነበር። እኛም «ሊብ» የሚባል ፎልደር ከፍተን ያገኘነውን ጃር ሁሉ እዚያ እናከማቻለን። አንዳንዱ ስሙ ላይ ቨርዥን እንኳ የለውም፤ «ዘርሲስ ዶት ጃር» ብቻ።

በወለድኩ በ18ኛው ቀን ሁለት ባልደረቦቼ መጡ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ተቀመጡ፤ እማማ ገንፎ አቀረበችላቸው። አንደኛው አንድ ጊዜ ጎረሰና ዓይኑ ወደ ደጅ ሆነ። ኋላ «ታክሲ ውስጥ የተውነው ዕቃ አለ» ብለው ወጥተው የኔን ሲፒዩ በጋቢ ጠቅልለው ይዘው ገቡ። ያ ትልቁ ሞኒተርም ተከተለ። የትርፍ ሰዓት ክፍያው ስሌት ተቀይሮ ፕሮግራሙ መስተካከል ነበረበት፤ ኮዱን እስከነ«ሊብ» ፎልደሩ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ቢቀዱት ኮምፓይል አልሆን አለ። «ይህ ፓኬጅ የለም» ይላል። እኔ ኮምፒውተር ላይ ግን ይሠራል። ሦስት ቀን ፈልገው አጥተውታል።

ያን ሌሊት አንቺን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ፈለግኩ። ያገኘሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። ጃቫ ራሱ የተጫነበት ፎልደር ውስጥ «ኤክስት» የሚባል ነበር፤ እዚያ የገባ ጃር ሳይጠራ ለሁሉም ፕሮግራም ይታያል። ከሁለት ዓመት በፊት ቸኩዬ አንድ ጃር እዚያ አስገብቼ ረስቼዋለሁ። በኋላ በጃቫ 9፣ በ2017 እ.ኤ.አ.፣ ያን መንገድ ጭራሽ አነሱት፤ ሲያነሱት እፎይ አልኩ። የዚያ ወር ደመወዝ ግን 4 ቀን ዘገየ። አንደኛው የጥበቃ ሠራተኛ የኪራይ ቀኑ አልፎበት ከአከራዩ ጋር መጣላቱን የሰማሁት ወደ ሥራ ስመለስ ነው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ስለዚህ ማቨን 2 በ2005 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እኔን የማረከኝ ሌላው ሰው የሚያወራው የፎልደር አቀማመጥ አልነበረም። እያንዳንዱ ላይብረሪ ሦስት ነገር እንዲኖረው ማስገደዱ ነው፦ የማን እንደሆነ፣ ስሙ፣ ቨርዥኑ። አባባ የእድራችን ንብረት ያዥ እንደነበር ታውቂያለሽ። ዶሮ ማነቂያ ሳለን የእድሩ ዕቃ ቤት ግቢያችን ውስጥ ነበር። ድስቱም፣ ትሪውም፣ ወንበሩም ከሥሩ በቀይ ቀለም የእድሩ ስምና ቁጥር ተጽፎበታል። ለቅሶ ቤት ወጥቶ ሲመለስ አባባ ትሪውን ገልብጦ ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። የጎረቤት እድር ትሪ ተቀላቅሎ ከመጣ፣ የኛው ቢመስልም፣ ቢበልጥም፣ አይቀበልም፤ ያስመልሰዋል። ሰፈሩ ፈርሶ ሁላችንም ተበታትነናል፤ መዝገቡ ግን ዛሬም እኔ ጋ አለ። ፖም ፋይል ስከፍት ትዝ የሚለኝ ያ መዝገብ ነው።

መዝገቡ የጠቀመኝን አንድ ቀን ልንገርሽ። ታኅሣሥ 1 ቀን 2014፣ ዓርብ፣ ሎግ የሚጽፈው የጃቫ ላይብረሪ፣ የሎግፎርጄ፣ የደኅንነት ቀዳዳ በዓለም ሁሉ ተሰማ። ከ2.0 ቤታ 9 እስከ 2.14.1 ያለውን የሚጠቀም ሁሉ፣ ሰው አንዲት መስመር ጽሑፍ ልኮ ሰርቨሩ ላይ የፈለገውን ኮድ ሊያስኬድበት ይችል ነበር። አለቃዬ «እኛ እንጠቀምበታለን ወይ?» አለኝ። ፖም ፋይላችን ላይ ስሙ የለም፤ የለም ብዬ መመለስ እችል ነበር። ዛፉን ሳወጣው ግን ከ7 ፕሮጀክቶቻችን ሁለቱ ውስጥ፣ በሌላ ላይብረሪ በኩል ገብቶ ተቀምጧል። በዲፔንደንሲ ማኔጅመንት አንድ መስመር ጽፈን የዚያኑ ዕለት ማታ ወደ 2.15.0 አወጣነው። ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ በዚያው ወር ውስጥ 2.16.0፣ 2.17.0፣ ከዚያ 2.17.1 ተከታትለው ወጡ። አራት ጊዜ ያንኑ አንድ ቁጥር ቀይረን አራት ጊዜ ቢልድ አደረግን። በ1996ቱ አሠራር ቢሆን እያንዳንዱን ሰርቨር ከፍተን ጃር በጃር ስንፈልግ ገና ይመጣብን ነበር።

እንደ ማቨን ቢልድ የሚያደርገው ግራድል ይሻላል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ግራድል የሠራውን ስለሚያስታውስና ያልተቀየረውን ስለማይደግም ትልልቅ ፕሮጀክት ላይ ይፈጥናል፤ አንድሮይድ የሚሠሩትም እሱን ነው የሚይዙት። ያንቺን የመሰለ ግጭት ሲገጥመው ከሁለቱ ከፍ ያለውን ቨርዥን ይመርጣል፤ ስለዚህ ግራድል ቢሆን ኖሮ ይህ ስህተት አይታይሽም ነበር። ያ ማለት ግን ዳንሽ ማለት አይደለም። አዲሱ ቨርዥን አሮጌው የነበረውን ነገር አውጥቶት ከሆነ በዚያኛው በኩል ይሰበራል። በሁለቱም ዛፉን ማየት አይቀርልሽም። መሥሪያ ቤታችሁ ማቨን ላይ ከሆነ እዚያው ቆዪ፤ ፖም ፋይል ሲረዝም ዓይን ያደክማል እንጂ ማንም አዲስ ሰው አንብቦ ይረዳዋል። ይልቅ የማቨኑ ቨርዥን ራሱ በየሰዉ ኮምፒውተር እንዳይለያይ ራፐር የሚባለውን የማቨን ማስጀመሪያ ከኮዱ ጋር፣ ኮዳችሁ በሚቀመጥበት ጊት ላይ አስገቡት።

ሌላው የኢንተርኔት ነገር ነው። በ2012 ክረምት ኢንተርኔት ሲቋረጥ አንቺ ገና ተማሪ ነበርሽ፤ ቤት ውስጥ ተሰላችተሽ እንደነበር አልረሳውም። እኛ ሥራ ላይ ነበርን። ማቨን ኢንተርኔት ላይ ካለው የላይብረሪ ማከማቻ፣ ከማቨን ሴንትራል፣ ያወረደውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ «ነጥብ ኤም ቱ» በሚባል ፎልደር ያስቀምጣል፤ በኦፍላይን ስታዢው ከዚያ ብቻ እየወሰደ ይሠራል። እኔ ጋ ሁሉም ወርዶ ስለነበር ሥራዬ አልቆመም። ሜክሲኮ አካባቢ የሚሠራ ጓደኛዬ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ፎልደሩን አጥፍቶት ነበር። የኔን በሃርድ ዲስክ ገልብጬ በዝናብ፣ በእግሬ ወሰድኩለት። እናንተ ጋ ላይብረሪ የሚከማችበት የራሳችሁ ሪፖዚተሪ ሰርቨር ካለ ጠይቂ፤ ከሌለ እንዲኖር ሐሳቡን አንቺ አንሺ። አዲስ ነሽ ብለው ባይሰሙሽም አንሺው።

አብሮሽ የሚሠራውን ልጅ እንዳትቀየሚው። ያወቀውን ነው የነገረሽ፤ መስመሩ ከፍ ሲል ለምን እንደሚሠራ ግን የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም። ዛፉን ስታወጪ ጠርተሽ አብራችሁ እዩት።

ሰኞ ዛፉን እንዳወጣሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፣ አብረን መስመር በመስመር እናየዋለን። በርበሬሽ እንዳለቀ ሰምቻለሁ፤ ሐሙስ ወደ ሐዋሳ የሚወርድ ሰው ስላለ ከሽሮው ጋር እልክልሻለሁ። ለገና ስትመጪ ላፕቶፕሽን እንዳትረሺ።

የምትወድሽ
እናትሽ