ለዌልስ አድማጭና ተመልካች ተወካይ ይመለስለት

ለ፦ በዌልስ ለሚያሰራጨው የሕዝብ አገልግሎት ብሮድካስት ድርጅት
የአድማጮችና ተመልካቾች ጉዳይ ክፍል

ጉዳዩ፦ እንግሊዝን ብቻ የሚመለከት ዜና ለዌልስ ሕዝብ እንደራሱ ጉዳይ ሆኖ መቅረቡን፣ እንዲሁም ቅሬታችንን የሚያደርስልን ተወካይ ማጣታችንን ይመለከታል

ክቡራን የክፍሉ ኃላፊዎች፣

ኒውፖርት ከተማ የምኖር ኢትዮጵያዊት ነኝ። የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ይህንን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ልኬላችኋለሁ። በአማርኛ ያቀረብኩት ደግሞ ዌልስ ውስጥ የሚኖሩ የአገሬ ሰዎች እንዲያነቡት ነው። ችግሩ የእነሱም ነውና። በዚህኛው ቅጂ ላይ የድርጅታችሁን ስም አልጻፍኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሜይ ወር መግቢያ ላይ፣ በሐኪም ለሚታዘዝ ለእያንዳንዱ መድኃኒት የሚከፈለው ዋጋ ከ9.65 ወደ 9.90 ፓውንድ ከፍ አለ። ይህ የሆነው እንግሊዝ ውስጥ ነው፤ እንግሊዝ ስል መላዋን ብሪታኒያ ሳይሆን ከአራቱ የብሪታኒያ አገሮች አንዷን ማለቴ ነው። ዌልስ ውስጥ ግን በማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ከኤፕሪል 1 ቀን 2007 ጀምሮ ነፃ ነው። የእናንተ የምሽት ዜና «ታካሚዎች ከእንግዲህ ይህን ያህል ይከፍላሉ» ብሎ አለፈ። የት ያሉ ታካሚዎች እንደሆኑ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዜናው ከለንደን ነው የመጣው። እኛ ደግሞ ዌልስ ሆነን ነው የሰማነው።

በማግስቱ አንዲት ደንበኛችን መጣች። በጽዳት ሥራ የምትተዳደር የአገሬ ልጅ ናት። የአስም፣ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት ትወስዳለች። ወረፋዋ እስኪደርስ ጠብቃ፣ ወደ መስኮቱ ተጠግታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስሚ እስቲ እህቴ፣ መድኃኒት በክፍያ ሆነ አሉ አይደል? ከሦስቱ የቱ ቢቀር ይሻለኛል?» አለችኝ።

ዌልስ ውስጥ አትከፍይም አልኳት። ቶሎ አላመነችኝም። «ትናንት በዜና ሰምቻለሁ እኮ!» አለች። እውነቷን ነው፤ ሰምታለች። ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ የኖሩ ዌልሳውያንም በዚያው ሰሞን ስንት እንደሚከፍሉ ሊጠይቁ መጥተዋል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ያልመጡት ናቸው። ዜናውን ሰምተው ማዘዣቸውን መሳቢያ ውስጥ የተዉ ሰዎች ካሉ ማን ይነግራቸዋል?

ቅሬታዬን በድረ ገጻችሁ ቅጽ ላይ ሞልቼ ላክሁ። መልሱ መጣ። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ይላል። ቁጥሩ ትክክል እንደነበረና ዜናው ለመላው ብሪታኒያ የተዘጋጀ እንደሆነ ይገልጻል። ከሥር የሰው ስም የለውም። ደግሜ ጻፍኩ። ሁለተኛው መልስ አስተያየቴ ለዜና ክፍሉ እንደተላለፈ ይናገራል። ለማን ተላለፈ? ምንስ ተደረገ? አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ ዝም ጭጭ።

የቅሬታዬ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ስለ አንድ ዜና ሲያማርር የምትፈትሹት ያንን ዜና ብቻ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው? ልክ ነው። ፋይሉ ይዘጋል። የእኔ ቅሬታ ግን ስለ 9.90 ፓውንድ አልነበረም። ዛሬ መድኃኒት፣ ነገ የትምህርት ቤት ፈተና፣ ከነገ ወዲያ የሐኪሞች የሥራ ማቆም አድማ፤ የእንግሊዝ ጉዳይ የሁላችን ሆኖ እየተነገረ ስለመሆኑ ነው። ይህንን ድግግሞሽ ቅጹ ሊያየው አይችልም። ቅጹ ላይ «የፕሮግራሙ ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ» የሚል ቦታ አለ። «ይህ ነገር በየጊዜው ይደርስብናል» ብሎ ለመጻፍ ግን ቦታ የለውም። ድግግሞሹን የሚያየው ከኒውፖርትም፣ ከሬክሰምም፣ ከካርናርፎንም የመጣውን ብሶት አንድ ላይ ይዞ እናንተ ፊት የሚቀመጥ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ነው የጠፋብን።

እዚህ አገር ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የቢቢሲን ታሪክ የማነሳው በሰነድ የተመዘገበ ምሳሌ ስለሆነ ነው። ካርዲፍ ውስጥ ራዲዮ ሥርጭት የጀመረው በፌብሩዋሪ 1923 ነው። ቢቢሲ በሚተዳደርበት በ1952ቱ ቻርተር (የንጉሣዊ መተዳደሪያ ሰነድ) መሠረት ደግሞ በ1953 የዌልስ የብሮድካስት ምክር ቤት ተቋቋመ። በ2007 የቢቢሲ ትረስት፣ ማለትም ድርጅቱን በበላይነት የሚቆጣጠረው አካል፣ ሲመሠረት ይህ ምክር ቤት የዌልስ አድማጮችና ተመልካቾች ምክር ቤት ሆነ። የሚሰበስበውም ዌልስን ወክሎ በትረስቱ ውስጥ የሚቀመጠው አባል ነበር። ሕዝቡ የሚለው ነገር በእሱ በኩል ቀጥታ ውሳኔ ወደሚሰጥበት ጠረጴዛ የሚደርስበት መንገድ ነበረው። ምክር ቤቱ በየዓመቱ በዌልስ አገልግሎቱ ምን እንደሚመስል ሪፖርት ያወጣ ነበር። ማንም ሊያነበው ይችላል።

ውጤት የሚያመጣው እንዲህ ያለ አሠራር ነው። በ2008 ትረስቱ ፕሮፌሰር አንቶኒ ኪንግን የአራቱን የብሪታኒያ አገሮች (የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ) ዜና አዘጋገብ እንዲገመግሙ አደረገ። የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ዜናዎቹን አንድ በአንድ መረመሩ። ያገኙት ነገር እኔ በፋርማሲው መስኮት የማየውን ነው። የጤናና የትምህርት ዜናዎች እንግሊዝን ብቻ እየተመለከቱ ለመላው ብሪታኒያ የሚሆኑ ያህል ይነገሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የትኛውን አገር እንደሚመለከት በግልጽ የመናገር ልማድ እየተሻሻለ መጣ። ያንን በሺህ የሚቆጠር የቅሬታ ቅጽ አያመጣውም ነበር። ሥልጣን ያለው አካል «ይጠና» ስላለ ነው የመጣው።

ምክር ቤቶቹ እንከን አልነበረባቸውም ማለቴ አይደለም። አባላቱ ይሾማሉ እንጂ እኛ አልመረጥናቸውም። መኖራቸውን እንኳ የማያውቅ ብዙ ሰው ነበር። ሆኖም በኤፕሪል 2017 ትረስቱ ሲፈርስ አሠራሩ አብሮ ተቀየረ። አሁን የቢቢሲ ቦርድ ውስጥ አንድ የዌልስ አባል አለ። ተቆጣጣሪው ደግሞ የብሪታኒያን ብሮድካስት የሚቆጣጠረው ኦፍኮም ሆኗል። ኦፍኮም የዌልስ አማካሪ ኮሚቴ አለው፤ ጥሩ ነው። ግን ኮሚቴው የሚያማክረው ተቆጣጣሪውን ነው። ከቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠው ሰውና ዜናውን የሚያዘጋጀው ሰው ፊት ለፊት የሚገናኙበት ቦታ አይደለም። እናንተም ጋ ያ ቦታ የለም።

ይህ ጉዳይ የመድኃኒት ብቻ አይደለም ያልኩት ከኮሮናው ዘመን ጀምሮ ስለማየው ነው። ሜይ 10 ቀን 2020 የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር በቴሌቪዥን ቀርበው «ከቤት አትውጡ» የሚለውን መመሪያ «ንቁ ሁኑ» ወደሚል ለወጡት። ያ ለእንግሊዝ ነበር። ዌልስ ውስጥ «ከቤት አትውጡ» እንዳለ ነው የቀጠለው። ጤናን የሚመራው የራሳችን መንግሥት ነውና። በዚያው ዓመት ከኦክቶበር 23 እስከ ኖቬምበር 9 ዌልስ ተዘጋች፤ እንግሊዝ ግን በአገር ደረጃ አልተዘጋችም ነበር። ዌልስ ልትከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሯት ደግሞ እንግሊዝ ተዘጋች። ከሴቨርን ወንዝ ማዶና ከወንዙ ወዲህ ሕጉ ለየብቻ ሆነ ማለት ነው። ያኔ ፋርማሲ ውስጥ ስንቱ ግራ ገብቶት ይጠይቀን እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ሰው ሕግ የጣሰው ንቀት ይዞት ላይሆን ይችላል። የሰማው የሌላ አገር ሕግ ከሆነ ምን ያድርግ?

አንቴናውን ደግሞ እንየው። ኒውፖርትና አካባቢዋ፣ በተለይ ከባሕሩ ዳር፣ አንቴናቸው ወደ ሜንዲፕ ማሰራጫ የዞረ ቤቶች አሉ። እነዚህ ሰዎች የሚያዩት የብሪስቶልን የአካባቢ ዜና ነው። የዌልሱ ማሰራጫ ዌንቮ ነው፤ አንቴናውን ማዞር ሊበቃ ይችላል። ግን ማን ነገራቸው? ቤቱን ሲከራዩ አንቴናው እንደዚያ ነበር። ቅሬታም አያቀርቡም፤ ምክንያቱም የቀረባቸውን አያውቁም። ቅጽ የሚያውቀው ያማረረውን ብቻ ነው። ተወካይ ግን ሰፈር ውስጥ ገብቶ ቤት ሲጎበኝ «ይሄ የብሪስቶል ዜና አይደል እንዴ?» ይላል።

የዌልስኛውም ጉዳይ አለ። በ2021ዱ የሕዝብ ቆጠራ ዌልስኛ እናገራለሁ ያለው ሰው 538,000 ገደማ ነው፤ ከሕዝቡ 17.8 በመቶ ማለት ነው። በ2011 ግን 562,000 ነበር። ቁጥሩ ቀንሷል። ለዚህ ቋንቋ የተለየ የቴሌቪዥን ጣቢያ የተገኘው እንዲሁ በቀላሉ አልነበረም። መንግሥት የገባውን ቃል ሲያጥፍ ብዙ ሰዎች የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ አንከፍልም አሉ። በ1980 ግዊንፎር ኢቫንስ የሚባሉ አንጋፋ ፖለቲከኛ ጣቢያው ካልተከፈተ እስከ ሞት ድረስ እጾማለሁ ብለው ቀን ቆረጡ። መንግሥት ቀኑ ሳይደርስ ሐሳቡን ቀየረ። የዌልስኛው ጣቢያ ኤስፎርሲ በኖቬምበር 1 ቀን 1982 ሥርጭት ጀመረ። የኔ ልጅ ዛሬ በዌልስኛ የልጆች ፕሮግራም የምታየው በዚያ ምክንያት ነው። ዌልስኛ በትምህርት ቤት ግዴታ ነው፤ ልጄ ከእኔ ጋር አማርኛ፣ ከጓደኞቿ ጋር እንግሊዝኛ፣ ከአስተማሪዋ ጋር ዌልስኛ ታወራለች። ቋንቋ ሲያንስ የሚያስከትለውን ሕመም ለማወቅ ዌልሳዊ መሆን አያስፈልግም። ግን ሰው እስኪጾም ድረስ መጠበቅ ምን የሚሉት አሠራር ነው? ተወካይ የሚያስፈልገው ነገሩ እዚያ ሳይደርስ ለመስማት ነው።

እኛን ስደተኞቹንም አትርሱን። የካርዲፍ ቡትታውን ሰፈር ውስጥ ሶማሌውና የመናዊው ከመርከበኞች ዘመን ጀምሮ አለ። ኒውፖርት፣ ስዋንሲና ሬክሰም ደግሞ ጥገኝነት ጠያቂዎች ከሚመደቡባቸው ከተሞች ናቸው። አዲስ ለመጣ ሰው ዌልስ ከእንግሊዝ በምን እንደምትለይ የሚያስረዳው ማን ነው? አንዱ የእናንተ ዜና መሆን ነበረበት። ሲያደናግረው ግን እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ አስተካክላለሁ።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። አንደኛው ዛሬ ማታ ሊጀመር የሚችል ነው፦ ጤና፣ ትምህርት፣ መኖሪያ ቤት ወይም ትራንስፖርት ሲነሳ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «በእንግሊዝ» ይበል፤ ቀጥሎም «ዌልስ ውስጥ ግን እንዲህ ነው» ይበል። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ሌላው ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ዋናው እሱ ነው። የአድማጮችና ተመልካቾች ተወካዮች ቡድን አቋቁሙ። አባላቱ ካርዲፍ ብቻ የሚኖሩ አይሁኑ፤ ከደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች፣ ከሰሜኑ፣ ከገጠሩ ይምጡ። ዌልስኛ ተናጋሪ ይኑርበት። እንደኛ ከውጭ የመጣም ይኑርበት። በየከተማው ስብሰባ ይጥሩ፤ ዌልስኛ መናገር ለሚፈልግ አስተርጓሚ ይኑር። የሰሙትን ጽፈው ለሕዝብ ያውጡ። እናንተም ለእያንዳንዱ ነጥብ በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ስጡ። «አንችልም» የሚል ከሆነም ለምን እንደማትችሉ ተናገሩ፤ እኛ ሰዎች ነን፣ ይገባናል። እናንተ የምትሰጡን መልስ ከሥሩ የሚፈርምበት ሰው ሊኖረው ይገባል።

የመድኃኒቱን ዜና በሚመለከት ደግሞ ለቀደመው ቅሬታዬ የተሰጠው መልስ እንደገና እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ። ቁጥሩ ትክክል ነው ብላችሁኛል። ዜናው ዌልስ ውስጥ ለሚኖር ሰው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም? የምፈልገው የዚህን ጥያቄ መልስ ነው። እርማት የሚገባው ከሆነም ዜናው በተነገረበት በዚያው ሰዓት ይነገር፤ ያችን ደንበኛዬን የሚያገኛት እዚያ ነውና።

መልሳችሁን ባወጣችሁት የቅሬታ መመሪያ ላይ በተቀመጠው የጊዜ ገደብ ውስጥ እጠብቃለሁ። ካልደረሰኝ ወይም ያው የተለመደው ቅጂ ከመጣልኝ፣ ቅሬታዬን ከእነ መልሶቻችሁ ለኦፍኮም አቀርባለሁ። ስብሰባ ከጠራችሁ ግን ኒውፖርት ውስጥ አዳራሽ በመፈለግም ሆነ ሰው በመጥራት ለመርዳት ዝግጁ ነኝ። ለአማርኛና ለትግርኛ ተናጋሪዎችም የሚያስተረጉም ሰው አገኝላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የኒውፖርት ነዋሪ