ስለ ጥቁሩ ሥዕል

እማዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የላክሁልሽን ፎቶ አይተሽ «ማን ሞተ?» ስትዪኝ አንጀቴ ተላወሰ። ሳላስረዳሽ መላክ አልነበረብኝም። ማንም አልሞተም፤ ሥዕል ነው። ሮዴዝ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ፣ በሠዓሊው በፒየር ሱላዥ ስም በተሠራው ሙዚየም አይቼው ነው።

ሱላዥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1919 እዚያው ሮዴዝ ተወለደ። ሠረገላ ሠሪ የነበሩት አባቱ ገና በልጅነቱ ሞቱበትና እናቱና ታላቅ እህቱ አሳደጉት። ይህን ሳነብ አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ። ልጅ ሳለ ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ቀለም ሲቀባ «ምን እየሣልህ ነው?» ቢሉት «በረዶ» አለ ይባላል። ጥቁሩ ሲቀርበው ነጩ ይበልጥ ይነጣላ!

በ1938 ፓሪስ ሄዶ የሥዕል ትምህርት ቤት ተቀበለው፤ ትምህርቱን ስላልወደደው ወደ ሮዴዝ ተመለሰ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አናጢዎች እንጨት በሚያቀልሙበት ጠቆር ያለ ቡናማ ቀለም፣ በቤት ቀቢዎች ብሩሽ ይሠራ ጀመር። ሰው አይሥልም፣ ዛፍ አይሥልም። ለሥዕሎቹም ስም አያወጣም፤ መጠናቸውንና የተሣሉበትን ቀን ብቻ ይጽፍባቸዋል።

በ1979 አንድ ሸራ ላይ ጥቁር እየደረበ፣ እየፋቀ ሰዓታት ደከመበት። አልሆን ሲለው ትቶት ተኛ። ተነሥቶ ሲያየው የሚሠራው ጥቁሩ ሳይሆን ከጥቁሩ ላይ የሚነሣው ብርሃን ሆኖ አገኘው። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ ይህንኑ ሲከተል ኖረ። እኔም ሥዕሉ ፊት ቆሜ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብል፣ ድፍን ጥቁር የነበረው እንደ ብር አበራ። ቀለሙ ላይ ያለው ቦይ ሌላ፣ ልሙጡ ሌላ ብርሃን ይሰጣል።

በወጣትነቱ ሠዓሊ ለመሆን የቆረጠው ኮንክ በሚባል መንደር ባለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሲሸመግል ለዚያው ቤተ ክርስቲያን 104 መስኮቶች ሠራለት፤ መስታወታቸው ግን ቀለም የለውም።

ደግሞ እማዬ፣ በ1942 ኮሌትን ሲያገባ ሁለቱም ጥቁር ለብሰው ነበር። ሰማንያ ዓመት አብረው ኖሩ። እሱ በ2022፣ በ102 ዓመቱ አረፈ።

ፎቶ ብርሃኑን አይዝም። ነገ ምጣዱን በጎመን ዘር ስታስሺ፣ በሩን ከፈት አድርጊና ከጎን እዪው። ያየሁት እሱን ነው። ለመስቀል እመጣለሁ።

ልጅሽ