ወረቀቱን በእጁ ስጠው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ብነግርህ «እሺ እማዬ» ብለህ ስለምታሳልፈው መጻፍ መረጥሁ። ለቅዱስ ዮሐንስ አክስትህ ቤት ተሰብስባችሁ ሳለ በእንግዳ ፊት ለትዳር ጓደኛህ የተናገርከውን ነግራኛለች። በምን እንደተጣላችሁ አልጠየቅኋትም፤ በትዳር ያለ ሰው ይጣላል። እንቅልፍ የነሳኝ «እኔ ባልኖር ዛሬ የት ነበርክ?» ማለትህ ነው። እሱም ምንም ሳይመልስ ሳህኖቹን ሰብስቦ ወደ ማድቤት ገባ አለችኝ።

ወንድ ማፍቀርህን በተመለከተ የምንነጋገረውን ተነጋግረን ጨርሰናል፤ የማለቅሰውንም ያኔ አልቅሻለሁ፤ እሱም ዛሬ ልጄ ነው። አሁን የምጽፍልህ አንተ ሐኪም፣ የቤት ባለቤትና የአሜሪካ ዜጋ ስትሆን፣ እሱ ደግሞ ሌሊት ሌሊት መኪና ማቆሚያ እየሠራ በአንተ ፊርማ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ሰው ስለመሆኑ ነው። ባለፈው ክረምት ቤትህ በመጣሁ ጊዜ ፓስፖርቱና የመኖሪያ ካርዱ ቁልፍ ባለው መሳቢያህ ውስጥ እንደሚቀመጡ አይቻለሁ። እንዳይጠፋ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ወረቀቱን በእጁ ስጠው። የአገሩ ሕግ ራሱ የመኖሪያ ካርዱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ያዛል።

ቤይሩት የነበረችው እመቤቴም «እንዳይጠፋብሽ» ብላ ነበር ፓስፖርቴን የወሰደችው። አንተ በአያትህ እጅ ሳለህ እኔ በሰው ቤት ስሠራ ክፉ ሴት አጋጥማኝ እንደነበር ታስብ ይሆናል፤ አልነበረችም። ደመወዜን አስቀርታብኝ አታውቅም፤ ለፋሲካ የጆሮ ወርቅ ሰጥታኛለች፤ «እንደ ልጄ ነሽ» ትለኝ ነበር፤ ስትለኝም ከልቧ ነበር። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓታል፤ ከፋላ በሚሉት የአሠሪ ዋስትና ሥርዓትም የመኖሪያ ፈቃዷ የሚቆመው በአሠሪዋ ስም ነው። ስለዚህ የእመቤቴ ደግነት የሚበረታው እሷ እስከፈለገች ድረስ ብቻ እንደሆነ እያንዳንዷን ቀን አውቅ ነበር። ትኩሳት ይዞኝ እንግዳ ሳስተናግድ «ደህና ነሽ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ፣ እመቤቴ» እላታለሁ፤ እሷም ታምነኛለች። አያትህ ስትታመም ቴሌግራሙ ደረሰኝ፤ እንድሄድ ትፈቅድልኝ ዘንድ ግን አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ኖሮ ትኬቱን ራሷ ትገዛልኝ እንደነበር ዛሬም አምናለሁ። ያም ሆኖ አፌ እምቢ አለኝ፤ የእሷን ፊት መቀያየር እንጂ የእኔን ሐዘን ማሰብ አልቻልሁም። ቀብሩ ላይ አንተ ነበርህ፤ እኔ አልነበርሁም። በእጇ ያለው ወረቀት እኔን ዝም እንዳሰኘኝ ያቺ ሴት እስከ ዛሬ አታውቅም።

ስለዚህ እሱ ሳህን አንስቶ ወደ ማድቤት መግባቱን ስሰማ፣ ትሑት ልጅ ነው ብዬ አልተደሰትሁም። እሺ ሲልህ ወዶ ይሁን ፈርቶ በምን ታውቃለህ? እምቢ ማለት የማይችል ሰው እንደሚያፈቅርህ እንኳ በሙሉ አፉ ሊነግርህ አይችልም። አንተም የምትጎዳው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በጁን 2013 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከፈረደ በኋላ መንግሥት የእናንተን ጋብቻ እንደ ማንኛውም ጋብቻ ቆጥሮ ለትዳር ጓደኛ የመኖሪያ ፈቃድ መስጠት ሲጀምር፣ ባልና ሚስት ሲሰቃዩበት የኖሩት ነገርም አብሮ መጣ። ጋብቻው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ፈቃድ ያገኘ ሰው የሚሰጠው የሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ጊዜው ከማለፉ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ሁለታችሁም ፈርማችሁ ማመልከት አለባችሁ። በዚህ ቆይታ ውስጥ «እኔ ባልኖር» የሚለው ንግግር እንደ ሌላው የጠብ ንግግር አይቆጠርም፤ ያስፈራል። ትዳሩ ቢፈርስ ወይም በደል ቢደርስበት ብቻውን ማመልከት እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል፤ ይህንንም ከሌላ ሰው ሳይሰማ አንተው ንገረው። የራሱን ጠበቃ ይያዝ፤ ያንተን ጠበቃ አይደለም። የገቢ ዋስ ሆነህ የፈረምከው ፊርማ ደግሞ ብትፋቱ እንኳ አይቀርልህም፤ የገባኸውም ለመንግሥት ነውና በውለታ አትቁጠርበት።

እሱ የሚመለስበት ቤት የለውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 እናንተን በእስራት ይቀጣል። ይህ ያሳዝነኛል። የሚቀጥለው አንቀጽ 630 ግን የሌላውን ችግር ወይም እንደ አሠሪ፣ እንደ አስተማሪ፣ እንደ አሳዳሪ በእሱ ላይ ያለውን ሥልጣን መጠቀሚያ ያደረገውን ለይቶ ያከብድበታል፤ ይህችን ቁም ነገር ከዚያ ሕግ ውስጥም ቢሆን እቀበላታለሁ። ደግሞስ ሀብታም ያገባች ልጅ ብትበደል ወንድሞቿ ይመጣሉ፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ከፋ ቢባል አባቷ ቤት ትገባለች። ለእሱ ማን ይመጣለታል? እናቱ ስልኩን እንደማታነሳለት አንተው ነህ የነገርከኝ። እንግዲህ ከእሱ ወገን የምቀመጠው ሽማግሌ እኔ ነኝ፤ ልጄ ስለሆንህ አላዳላልህም።

በአክስትህ በኩል የላክሁትን በርበሬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠው፤ ሽሮው ለእሱ ነው።

ያኔ ፊቴ እንዲፈታ ብለህ ስለ እንግሊዞቹ ስለ ኤድዋርድ ካርፔንተርና ስለ ጆርጅ ሜሪል አጫውተኸኝ ነበር። አንደኛው ከባለጸጋ ቤት የተወለደ ጸሐፊ፣ ሌላው ከሼፊልድ የድሆች ሰፈር የወጣ፤ ሰው ሁሉ በሚፈራበት ዘመን ከ1898 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ቤት ኖረው የለያያቸው በ1928 የሜሪል ሞት ነው አልከኝ። ታሪኩ ልቤን ነክቶታል፤ አልክድህም። ሆኖም የሚያበስለውና ቤቱን የሚይዘው ሜሪል እንደነበርም ነግረኸኛልና፣ በዚያ ቤት ገንዘቡ በማን እጅ እንደነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ሜሪል የሚቀመጠው የት እንደነበር እያሰብሁ አደርሁ። የእኛ ሰዎችም ጋብቻ ሲዋዋሉ ሰማንያውን ከደሞዝ ይለዩ ነበር፤ በሰማንያ የገባች ከንብረቱ ድርሻ አላት፣ በደሞዝ የገባች ግን ደመወዟን ተቀብላ ትኖራለች፣ ሲያበቃም ትሸኛለች። የአንተ ቤት የሰማንያ ቤት ይሁን። የባንክ ሒሳብ በራሱ ስም ይክፈት። ለታናሽ እህቱ የሚልከውን ከራሱ ደመወዝ ይላክ፤ አንተ አትጨምርበት፣ ስንት እንደላከም አትጠይቀው። የነርስ ረዳት ትምህርቱን በአንተ ፈረቃ ምክንያት አቋርጦ ከሆነ በሚቀጥለው ወር ይመዝገብ፤ እራት ራስህ ሥራ። በጠብ መካከል ወረቀት የሚባል ቃል ከአፍህ አይውጣ፤ ብትናደድ ከቤት የምትወጣው አንተ ነህ፣ እሱ አይደለም።

አውቅሃለሁ፤ ልብህ ለስላሳ ነው። ልጅ ሳለህ ከሚላክልህ ብስኩት ለሰፈሩ ልጆች ሳታካፍል የማትቀምስ ነበርክ። የምቆጣህም ስለዚህ ነው፤ ደግ መሆንህ ራስህን እንዳትመረምር ያደርግሃል ብዬ እፈራለሁ።

ለገና እመጣለሁ። ከደረስሁ በኋላ አንድ ቀን ከእሱ ጋር ለብቻችን ቡና እንጠጣለን፤ አንተ በዚያ ሰዓት ሥራ ግባ፣ ምን እንደተባባልንም አትጠይቀን። ከዚያ በፊት ግን ወረቀቱን በእጁ ስጠው፤ አክስትህ ቤትም ሁለታችሁ ሄዳችሁ፣ በእነዚያው እንግዶች ፊት ይቅርታ ጠይቀው። እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ደውልልኝና ስልኩን ለእሱ አቀብለው።

እናትህ