ጭምብል አጥልቆ ሕግ ማስከበር፦ ከሲያትል ለጠበቃው ወዳጄ

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

እንደምን ከርመሃል? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆቹስ? እኔ ከነቤተሰቤ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ከኮሮናው ወዲህ አንተም ዝም፣ እኔም ዝም ብለን ቆየን። ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን ክርክር ስንገናኝ በቢራ እንጨርሰዋለን። አሁን የጻፍኩልህ የሕግ ጉዳይ ስለገጠመኝ ነው። አትደንግጥ፣ የተከሰስኩት እኔ አይደለሁም።

ትልቋ ልጄ ትምህርት ቤት የክርክር ቡድን ገብታ ቤታችንን ችሎት አድርጋዋለች። ሰሞኑን የደረሳት ርዕስ፣ ተራ ሰው በገዛ ፈቃዱ ወንጀለኛ ማሳደድ ይችላል ወይስ አይችልም የሚል ነው። ምሳሌ ብላ ያመጣችው ደግሞ እሷ ገና ሕፃን ሳለች እዚሁ ከተማችን ስሙ የገነነውን ፊኒክስ ጆንስን ነው። እኔ ያኔ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ሺፍት እሠራ ስለነበር «አይቼዋለሁ» አልኳት። ይኸው እንደ ምስክር ታፋጥጠኛለች።

ላንተ ከሥሩ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 ሲያትል ውስጥ ጭምብል አጥልቀው ሌሊት መጠጥ ቤቶች አካባቢ የሚዞሩ ሰዎች ብቅ አሉ። ቡድናቸውን የዝናባማዋ ከተማ የሱፐርሂሮ ንቅናቄ አሉት። መሪያቸው ፊኒክስ ጆንስ ጥይት የሚከላከል ጥቁርና ወርቃማ ልብስ የሚለብስ፣ በስፖርታዊ ፍልሚያ መድረክ የተፈተነ ወጣት ነበር። ሁሉም ለራሳቸው የጀግና ስም አውጥተዋል። የጥንት አርበኞቻችን የፈረስ ስም ትዝ አለኝ። ግን አባ ታጠቅ ሲባል ቴዎድሮስ፣ አባ ነጋ ሲባል አሉላ መሆናቸውን ወዳጅም ጠላትም ያውቅ ነበር። የእነዚህ ስም የወጣው ባለቤቱ እንዳይታወቅ ነው።

እኔ በሩቁ ነው ያየሁት። ከባር የሚወጡ ወጣቶች አብረውት ፎቶ ሊነሱ ይጎትቱታል፤ እሱም አይሰለችም። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር። የሌሊት ሥራ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ወይ ጠጥቷል ወይ ተጣልቷል። ያን ሰዓት ደግ ነገር ልሥራ ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ማየት በራሱ ያስገርማል። በሌሎች የአሜሪካ ከተሞችም እንዲህ ያሉ አሉ። ሳንዲዬጎ ያሉት ለጎዳና ተዳዳሪዎች ምግብና ውሃ ያድላሉ። በዚህ ማንም ፍርድ ቤት አይቆምም።

ነገሩ የከረረው ኦክቶበር 9 ቀን 2011 ሌሊት ነው። ጆንስ መንገድ ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች አየና ድብድብ ነው ብሎ እየሮጠ መሀላቸው ገባ፤ የበርበሬ ጋዝም ረጨባቸው። አብሮት የነበረ ቪዲዮ ቀራጺ ሁሉንም በካሜራ ይዞታል። ልጄ ቪዲዮውን ደጋግማ አሳይታኛለች። አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ በተረከዙ ስትወቅጠው፣ እሱ ወደ ኋላ እያፈገፈገ አትምቺኝ ሲላት ይታያል። ሰዎቹ ለፖሊስ የሰጡት ቃል ከክለብ ወጥተን እየጨፈርን ነበር የሚል ነው። እሱ ደግሞ ድብድብ ነበር አለ። ፖሊስ ይዞት አደረ።

እዚህ ላይ ነው የአንተ ሙያ የሚገባው። በዋሽንግተን ግዛት አዋቂ ሰው የበርበሬ ጋዝ ቢይዝ ክልክል አይደለም። ራስን ወይም ሌላን ሰው ለመከላከል መጠቀምም ይፈቀዳል። ጥያቄው ያ ሰው ያየው ምንድን ነው የሚለው ነው። ድብድብ ካየ ተከላካይ ነው፤ ጭፈራ ካየ ደብዳቢ። ይህን የሚለየው ከድርጊቱ በኋላ በሰከነ መንፈስ የሚመረምር ዳኛ ነው፤ በጭለማ እየሮጠ የመጣ ሰው፣ ያውም ዓይኑን ጭምብል ከቦበት፣ በሁለት ሰከንድ ውስጥ እንዴት ይለየዋል? ልጄ ይህን ስነግራት «ፖሊስስ በሁለት ሰከንድ ውስጥ አይደል የሚወስነው?» አለችኝ። መልስ አጥቼ ወደ ኩሽና ሄድኩ።

ከቀናት በኋላ የሲያትል ማዘጋጃ ቤት ፍርድ ቤት ቀረበ። ከሸሚዙ ሥር ያንኑ ልብሱን ለብሶ ነበር። ጭምብሉ ግን ወለቀ፤ ፊኒክስ ጆንስ የሚባለው ሰው ቤንጃሚን ፎዶር መሆኑን አገር አወቀ። በኖቬምበር የከተማው ዐቃቤ ሕግ ፒት ሆምስ ክስ አልመሠርትም አለ፤ ሰውየው ግን ጀግና ሳይሆን ክፉኛ የተሳሳተ ሰው ነው ብሎ አከለበት። ስለዚህ ነፃም አልተባለ፣ ጥፋተኛም አልተባለ። እንዲህ ያለውን ፋይል አንተ ስንቴ አይተህ ይሆን?

አሁን ወደ ባላንጣው ልምጣ፤ ልጄ ጥብቅና የቆመችው ለሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2012 ሬክስ ቬልቬት ነኝ የሚል ሰው በቪዲዮ ብቅ አለ። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ አንድ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኗል፣ ጢሙን ወደ ላይ ጠምዝዟል። የክፉዎች ማኅበር አለኝ ይላል። ድምፁን እያጎላ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ሙዚቃ ከሥር እያሰማ የሚለው ግን ቁም ነገር ነበር፦ ይህ ልብስ ለባሽ ማንም ሳይሾመው በንጹሕ ሰው ላይ ጋዝ ይረጫል፣ ከተማችንንም መሳቂያ አደረጋት። እኔ መጀመሪያ ሳየው ሥራ ፈት ብዬ አልፌው ነበር። ልጄ ግን አንድ ነገር አሳየችኝ። ክፉ ነኝ ብሎ የወጣው ሰው ማንንም አልነካም፤ መሣሪያው ንግግርና ፌዝ ብቻ ነው። ደግ ነኝ ያለው ነው ካቴና የገባለት። ታዲያ ከሁለቱ ለሕግ መንፈስ ይበልጥ የሚጠጋው የትኛው ነው? አሜሪካኖች መናገርን በሕገ መንግሥታቸው የመጀመሪያ ማሻሻያ አጥረው ጠብቀውታል፤ ጢም ጠምዝዞ መሳደብም በዚያ ጥላ ሥር ያርፋል። የሰውን ዓይን ማቃጠል ግን የትም ጥላ የለውም። በዚህ ነጥብ ለልጄ እጄን ሰጥቻለሁ፤ ጓደኞቿ ፊት እንዳትነግራት።

በዚያው በ2012 የሜይ ዴይ ዕለት የሆነው ደግሞ ይባስ የሚገርም ነው። ፊታቸውን በጥቁር የሸፈኑ ሰዎች ዳውንታውን ውስጥ የሱቅና የባንክ መስታወት ሲሰብሩ፣ ጆንስና ባልደረቦቹ በፌዴራል ፍርድ ቤቱ ሕንፃ በር ላይ ተገትረው ጋዝ እየረጩ መለሷቸው። እስቲ አስበው፣ ጭምብል የለበሰ ጭምብል የለበሰን ከፍርድ ቤት ደጃፍ ሲያባርር! ፖሊስ ማንን ይያዝ? ከንቲባው ዱላና መሰል ነገር እንዲወረስ አስቸኳይ ትእዛዝ አወጣ።

አንዱ ቪዲዮ ግን አንተን ያስቅሃል። በ2012 መጨረሻ ጆንስ መንገድ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ቡጢ ሲለዋወጥ ፖሊሶች ቆመው ይመለከታሉ። ምክንያቱን ስመረምር፣ የሲያትል ደንብ መንገድ ላይ መደባደብን የሚከለክለው በድብድቡ ውስጥ የሌለን ሰው ወይም የሌላን ሰው ንብረት አደጋ ላይ ሲጥል ነው። ሁለት ሰው ተስማምቶ ቢቧቀስ በዚያ ደንብ አይነካም። የኛ ሰፈር ሽማግሌዎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር አንተው ገምት።

ስለ ጭምብልም ሕጉ እንደየግዛቱ ይለያያል። ኒው ዮርክ በ1845 ተሰብስቦ ፊት መሸፈንን ከልክሎ ነበር። ምክንያቱ በሀድሰን ሸለቆ የመሬት ኪራይ ያስመረራቸው ገበሬዎች ቀሚስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው የባላባቱን ሰብሳቢዎች ስላባረሩ ነው። ሕጉ እስከ 2020 ኖሮ የተሻረው ኮሮና ሁሉንም ጭምብል ሲያስለብስ ነው። ጭምብል ግን ሁልጊዜ ለዱላ አይደለም። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ከ1985ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ተከራዮች ከቤት ሲባረሩ፣ ሱፐርባሪዮ የሚባል በቀይና ቢጫ የነፃ ትግል ስፖርተኛ ልብስ የተሸፈነ ሰው ብቅ ብሎ ከድሆቹ ጋር ደጃፍ ላይ ይቆም ነበር። እሱን እወደዋለሁ። ሕዝብ አሰባሰበ እንጂ ማንንም አላሳደደም።

ማሳደዱ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። ወንድምዓለም፣ እኔ እዚህ አገር ጥቁር ልጆች ነው የማሳድገው። ጆርጂያ ውስጥ ፌብሩዋሪ 2020 ላይ አህመድ አርበሪ የሚባል ጥቁር ወጣት ሰፈር ውስጥ ሲሮጥ፣ ሌባ መስሎን ነው ያሉ ሦስት ነጮች በመኪና አሳድደው ገደሉት። ጠበቆቻቸው ከ1863 ጀምሮ የነበረውንና ተራ ሰው ወንጀለኛ እንዲይዝ የሚፈቅደውን ሕግ ጠቅሰው ተከራከሩ። ሦስቱም በ2021 ጥፋተኛ ተባሉ፤ ሕጉም በዚያው ዓመት ተሻረ። እነዚያ ሰዎች ጭምብል አላጠለቁም፤ ግን እነሱም በልባቸው ጠባቂ ነበሩ። ይህን ለልጄ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትመልስልኝ ቀረች።

የጆንስ ቡድን በ2014 ተበተነ። እሱ ራሱ በ2020 መጀመሪያ አደንዛዥ ዕፅ ሸጠሃል ተብሎ ክስ ተመሠረተበት፤ ክስ ፍርድ እንዳልሆነ ላንተ አልነግርህም።

ታዲያ ልጄ «እናንተ አገርስ ሌባ ሲሮጥ ማን ነው የሚይዘው?» ስትለኝ ስድስት ኪሎ ዶርም ውስጥ አንተ ጮክ ብለህ የምታጠናው ሁሉ ትዝ አለኝ። በድሮው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ታስረው፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት እንደሚሄዱ ነገርኳት። መንገደኛው «በሕግ አምላክ!» ሲል ተጠሪው ካለበት እንደሚቆምም ነገርኳት። አላመነችኝም። ቀጥዬ በኛ አቆጣጠር የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50 አመጣሁላት፦ ቢያንስ ሦስት ወር በሚያሳስር ወንጀል እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንም ግለሰብ ያለ ትእዛዝ መያዝ ይችላል፤ ከያዘው በኋላ ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። ቁራኛውንም አንቀጹንም አስተያይቼ ስመለከታቸው ያዡ በግልጽ ይታያል፤ ስሙ ይታወቃል፣ ከተያዘው ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ቢሳሳት እሱም ይጠየቃል። እኔ ጆንስ ላይ ያለኝ ቅሬታ ይኸው ነው። በሰው ላይ እጁን የሚያነሳ ፊቱን ይግለጥ። ቬልቬት ግን ማንንም አልነካምና ሁለቱንም ዓይኑን ቢሸፍን ግድ የለኝም።

ልጄ ግን በዚህም አልረካችም፤ «ያባቴ ወዳጅ ይመስክር» ብላለች። ስለዚህ በጠበቃነት ዘመንህ በአንቀጽ 50 ሰው ይዞ ያመጣ ግለሰብ ገጥሞህ ያውቃል? ያዡ ራሱ ተከሳሽ ሆኖ የቀረበበት ጉዳይስ? ክርክሯ በሚቀጥለው ወር ነውና እንደ ቀጠሮህ አታራዝምብኝ። ጽሑፍ ከሰለቸህ በድምፅ ላክልኝ፣ አማርኛዋ እንዲጠነክር እሷው ትተረጉመዋለች።

ለእማማ ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ለባለቤትህና ለልጆቹም ሰላምታዬን አድርስ።

ወንድምህ፣ ከሲያትል