የወንዶች ጤና ቅስቀሳ ፀጉር ቤት ድረስ ይምጣ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

እ.ኤ.አ. በ2003 በአውስትራሊያዋ ሜልበርን 30 ወንዶች በኖቬምበር ወር ሪዛቸውን በማሳደግ የጀመሩት «ሞቬምበር»፣ ዛሬ ለፕሮስቴት (ከሽንት ፊኛ ሥር ያለ የወንዶች ዕጢ) እና ለቆለጥ ካንሰር እንዲሁም ለወንዶች የአእምሮ ጤና ገንዘብ የሚያሰባስብ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሆኗል። እኛ ዘንድ ግን፣ ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ፀጉር ቤት ተራ ስጠብቅ አንድ አባት ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት እንደሚነሱ ነግረውን «እርጅና ነው» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ጭምር። ነገሩ ካንሰር ላይሆን ይችላል፤ ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የፕሮስቴት መተለቅም ተመሳሳይ ምልክት አለው፤ የሚለየው ግን በሐኪም ምርመራ ነው። ስለዚህ በጎ አድራጊዎች በራሪ ወረቀታቸውን ከስብሰባ አዳራሽ ይልቅ በፀጉር ቤቱ መስታወት ሥር ቢያስቀምጡ፣ የሚሰበስቡትም ገንዘብ ለምርመራ መክፈል ለማይችሉ ቢውል መልካም ነው እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአራዳ ክፍለ ከተማ