መሣሪያዎችዎን አልጣልኋቸውም

ተክለ ሃይማኖት፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው እሑድ በስልክ «እነዚያን ዝገታሞች ጥለህ አዲስ ግዛ፤ ገንዘቡን እኔ እልክልሃለሁ» ያሉኝ ለእኔ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ቃልዎን ሳልፈጽም ስለቀረሁ ምክንያቴን በጽሑፍ ላስረዳዎ ወደድሁ።

የእንጨት ሥራ መሣሪያዎችዎን ማደስ የጀመርሁት ከመጋዝዎ ነው። ዓምና ከመርካቶ አዲስ መጋዝ ገዝቼ ነበር፤ እጅግ ስለታም ነበር፤ ነገር ግን አንድ ቀን በዋንዛ ጣውላ ውስጥ ተደብቆ የቀረ ሚስማር አገኘውና ጥርሱ ተበላ። ልሞርደው ብሞክር ሞረዱ መስታወት ላይ እንደሚሄድ ሁሉ ብረቱን ሳይነክስ ይንሸራተት ጀመር። ብዙዎቹ የዛሬ መጋዞች ጥርሳቸው በፋብሪካ በኤሌክትሪክ ሙቀት እንዲጠነክር ስለሚደረግ (ጫፉ ጠቆር ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው) ስለታቸው ረዘም ላለ ጊዜ ቢቆይም፣ አንዴ ከደነዙ ከመጣል በቀር መላ የላቸውም። የእርስዎ መጋዝ ግን ባለሦስት ማዕዘን ሞረድ ይቀበላል። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ሞርጄ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ቀጣዩን ወደ ግራ ጥቂት ጥቂት አዘንብዬ ስጨርስ፣ የሚከፍተው መንገድ ከራሱ ከብረቱ ውፍረት ሰፋ ስለሚል በእርጥብ እንጨት ውስጥ እንኳ ሳይጣበቅ ይሄዳል። ልጅ ሳለሁ አጠገብዎ ተቀምጬ ይህንኑ ሲሠሩ እያየሁ ደህናውን ጥርስ ለምን እንደሚያጣምሙት ይገርመኝ ነበር፤ አሁን በእጄ ገባኝ።

የጣውላ መላጊያውን ምላጭ ባለቤቴ ለሰላጣ ባስቀመጠችው አቼቶ ውስጥ አንድ ሌሊት ዘፍዝፌ ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ሳሸው ዝገቱ እንደ ጭቃ ተነሣ። አቼቶው ዝገቱን ከጨረሰ በኋላ ብረቱንም መብላት ስለሚጀምር፣ ወዲያው ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ ዘይት ቀባሁት። እዚህ ላይ አንድ ጥፋት መሥራቴን አልሸሽግዎትም። ስለቱን ቶሎ ላወጣ ብዬ በኤሌክትሪክ መሳያ ላይ አሳርፌ ብይዘው፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ጫፉ ሰማያዊ ሆነ። ያ ቀለም ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱንና ጥንካሬውን ማጣቱን ያሳያል፤ ስለዚህ የተቃጠለውን ጫፍ ውሃ ውስጥ እየነከርሁ፣ በድንጋይ ላይ በእጄ እየሳልሁ እስኪያልቅ ድረስ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። «ውሃው ከእጅህ አይራቅ» ይሉኝ የነበረው ለዚህ መሆኑን ብረቱ ራሱ አስተማረኝ።

የሞርሳው ትልቁ ብሎን ጥርሱ ተበልቶ ስለነበር፣ ምናለሽ ተራ ወርጄ ከወደቀ ብረት መካከል ውፍረቱ የሚስማማ ዘንግ መርጬ ቶርኖ ቤት አስቀረጽሁት። ራሱ የተሰነጠቀውን መዶሻ ግን ፍንጣሪው ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል ያለ ክርክር ጥዬዋለሁ፤ ያረጀ ነገር ሁሉ ይጠገናል ብዬ አልሟገትዎትም። የምሟገተው፣ ሲሠራ ጀምሮ ተፈትቶ እንዲሳልና እንዲታደስ ታስቦ የተሠራውን ዕቃ፣ አንዴ ሲሰበር እንዲጣል በተሠራ ዕቃ መለወጥ እንደማይገባኝ ነው። ስለዚህ ሊልኩልኝ ያሰቡትን ገንዘብ እባክዎን ለመነጽርዎ ያውሉት።

አሁን የቀረኝ የእንጨቱ መላጊያ ሽብልቅ ነው። አሮጌው ተበልቶ ስለሳሳ ምላጩን አጥብቆ አይይዝም፤ አዲስ ልቀርጽለት ደረቅ ወይራ አግኝቻለሁ። የማላውቀው ግን የአሮጌውን ልክ እንዳለ ልውሰድ ወይስ ለተበላው ያህል ወፈር ላድርገው የሚለው ነው። እሑድ ስደውል ይንገሩኝ፤ እስከዚያ ወይራውን አልነካውም።

ልጅዎ