ቁራጯ ሞተር ውስጥ አይደለችም

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ከረምክ? ወገብህስ እንዴት ነው? እኔ ካንተና ከእማዬ ናፍቆት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ይሉታል?» እንደምትል አውቃለሁ። እናንተ ቤት ስልክ እንደ ሬዲዮ ነው። ድምፁ ይለቀቃል፣ እማዬ ከጓዳ ትመልሳለች፣ ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት ሁሉ ሰላም ይለኛል። ይሄ ግን ላንተ ብቻ ነው። በተለይ እማዬ ባትሰማው ይሻላል፤ ቡፌዋን የሚመለከት ነገር አለበት። ፊደሉን ያተለቅኩት ሰው ሳታስነብብ ራስህ እንድታነበው ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጥምቀት ሰሞን አንድ ቅዳሜ ነው። ሜሪላንድ ያን ቀን ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ነበር። ከማታ ፈረቃ ተመልሼ፣ ሞተሩ እስኪረጋ ሻይ ጠጥቼ፣ ከመተኛቴ በፊት ዘይት ልይ ብዬ ወረድኩ። ቅዳሜ ዘይት ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ማን እንዳስለመደኝ ታውቃለህ።

የኮሮላዬ የዘይት መለኪያ እንደ ቮልስህ ሙሉ ብረት አይደለም። ዘንጉ ቀጭን ብረት ነው፤ መያዣው ግን ቢጫ የፕላስቲክ ቀለበት ነው። መኪናዋ የ2010 ሞዴል ናት። ይህን ሁሉ ዓመት ሞተር ላይ ተቀምጦ ሲግልና ሲበርድ የኖረ ፕላስቲክ ምን ይሆናል? ብስኩት ይሆናል። ከሥሩ ያለችው ጎማም ደርቃ ቱቦው አፍ ላይ ተጣብቃለች። መጀመሪያ ግራና ቀኝ አዙሬ ማላቀቅ፣ ከዚያ መሳብ ነበረብኝ። እንቅልፍ አንገላቶኝ ዝም ብዬ ጎተትኩት። ቀጭ አለ። ቀለበቷ እጄ ላይ ቀረች፤ ብረቱ ሸርተት ብሎ ወደ ውስጥ ወረደ።

በስልኬ መብራት አየሁት። ጫፉ ከቱቦው አፍ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። ይታያል፤ አይያዝም።

የመጀመሪያ ሥራዬ የመኪናውን ቁልፍ ቤት ወስጄ መስቀል ነበር። ታክሲ የሚነዳ አንድ የሀገር ልጅ ጎረቤት አለኝ። «አስነሺው ባክሽ፤ ዘይት ውስጥ ነው ያለው፣ ምን ይሆናል?» አለኝ። ምን እንደሚሆን እንኳ እኔ አውቃለሁ። ብረቱ የዘይት ኮፓው ወለል ላይ ቆሟል። አጠገቡ ክራንክሻፍቱ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ይሽከረከራል። ላይነካው ይችላል። ከነካው ግን ያጣምመዋል፤ ያኔ ከላይ ማውጣት የሚባል ነገር አበቃ። በዚያ ላይ ክፍት ቱቦ የዘይት ጠብታ ሞተሩ ላይ ይተፋል፣ አቧራም ያስገባል። የቱቦውን አፍ በፎይል ሸፍኜ፣ በላስቲክ አስሬ፣ አውቶቡስ ለአውቶቡስ ስጋፋ ሰነበትኩ።

አንድ ጋራዥ ደወልኩ። መካኒኩ መኪናዋን ሳያይ «ኮፓው መውረድ አለበት፣ 400 ዶላር» አለኝ። ዋሸኝ አልልም። ብረቱ ተቆርጦ ኮፓው ውስጥ ተኝቶ ቢሆን እኔም «ይውረድ» ነበር የምለው። ግን እኮ ጫፉ በዓይን እየታየ ነው!

አፈ ረጅም ፒንሳ ገዛሁ። ሲከፈት ቱቦው አያስገባውም። ዘንግ ላይ የተሰካ ማግኔት አመጣሁ። ቱቦው ራሱ ብረት ነውና ማግኔቱ ከግድግዳው ጋር ተፋቀረ። የለስላሳ መምጠጫ ጫፍ ላይ ሱፐር ግሉ ቀብቼ አስገባሁ። በዘይት የራሰ ብረት፣ በዚያ ላይ ብርድ፤ አልያዘም። ደግነቱ ከቱቦው ጋር አላጣበቅኩትም።

ሦስት ሌሊት እንዲሁ አለፈ። ሥራ ላይ ሆኜ ሽማግሌ ሳገላብጥ፣ መድኃኒት ስሰጥ፣ ልቤ እዚያ ሞተር ውስጥ ነው። ብረት አለ፣ ብረት አለ ይለኛል። ያኔ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ።

የቮልሷ መለኪያ የተሰበረ ጊዜ ትዝ ይልሃል? 1984 ዓ.ም. ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት፣ የኋላ ክዳኗ ተከፍቷል። መኪና የሚያጥብልህ ልጅ ውሃ ሊቀዳ ሄዷል። አንተ መለኪያውን አውጥተህ፣ ጠርገህ፣ ጨርቁ ላይ አጋድመኸው፣ ሰው ጠርቶህ በር ላይ ቆምክ። ስትመለስ መለኪያው ቦታው ገብቷል። «ልጁ መለሰው» ብለህ ክዳኑን ዘጋህ። ሰኞ ስታወጣው የታችኛው መስመር ከነጫፉ የለም።

እኔ ነኝ አባዬ።

እማዬ ብስኩቱን ቡፌው ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጥራ ነበር። መለኪያው ደግሞ ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፤ ለዚያ ሥራ የተሠራ ነው የሚመስለው። በሩ መሀል ሰክቼ ጠመዘዝኩት። ብስኩቱ አልወጣም። ቁራጭ ብረት ወደቀች። የትንሿ ጣቴ አንድ አንጓ ብታክል ነው። የተረፈውን ሮጬ መልሼ ሰካሁት። ቁራጯን ጽጌረዳው ሥር ቀበርኳት። ዝገት ካልጨረሳት እስከ ዛሬ እዚያው ናት። ሞተር ውስጥ አይደለችም። ገብታም አታውቅም።

አንተ ግን በማግስቱ ካርቶን አንጥፈህ ቮልሷ ሥር ገባህ። ቮልስ እንደ አሁን መኪና ፊልትሮ የላትም፤ ያለቻት ያቺ ክብ ወንፊት ናት። ስድስቱን ብሎን በባለ 10 ቁልፍ ፈትተህ ወንፊቷን አወረድክ። ዘይቱን በጨርቅ አጠለልክ። እጅህን ሰድደህ እስከ አንጓህ ድረስ ዳበስክ። «ወደ ግራ አብሪ፣ ወደ ቀኝ አብሪ» ትል ነበር። ባትሪ የያዝኩልህ እኔ ነበርኩ። ክንዴ እስኪዝል ያዝኩልህ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም።

ከዚያ በኋላ ለስንት ዓመት ዳገት ስንወጣ ሬዲዮ ትዘጋ ነበር። አንገትህን ዘንበል አድርገህ «ሰማሽ? ያቺ ቁራጭ ናት» ትለኛለህ። «አዎ ሰማሁ» እላለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እውነትም የሰማሁ የመሰለኝ ቀን አለ።

የብስኩቱ ነገር ያስቃል። የልጁ ግን አያስቅም። «በጉልበት ስበህ ሰበርከው» ስትለው ማለ። አለቀሰ። እኔ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ነበር። ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ አልመጣም፤ ከዚያም አልመጣም። እማዬ «ምን ሆኖ ነው?» ስትል ማንም አልመለሰላትም። ዛሬ የልጅ አባት ይሆናል። የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ሰፈር ውስጥ አይጠፋምና ጠይቅልኝ። ስልኩን ካገኘህልኝ ራሴ እደውልለታለሁ። አንተ እንድትነግርልኝ አልፈልግም።

ያኔ ያደረግከው ሌላ ነገርም ትዝ አለኝ። ሶማሌ ተራ ስትዞር ውለህ የሚሆን መለኪያ አጣህ። አላማረርክም። ቮልሷን ሜዳ ላይ አቁመህ፣ ዘይቷን አፍስሰህ፣ መጀመሪያ ሁለት ሊትር ብቻ ለክተህ ሞላህ። አስነስተህ፣ አጥፍተህ፣ ዘይቱ እስኪወርድ ጠብቀህ መለኪያውን ነከርክ። ዘይቱ የደረሰበት ላይ በሞረድ ጫር አደረግክ። «ይሄ አዲሱ ዝቅተኛ ነው» አልክ። ቀጥለህ ግማሽ ሊትር ጨመርክ፤ የላይኛው መስመር ላይ ልክ ደረሰ። ደስ ብሎህ ሳቅክ። ውሃ የሌላት መኪና ናት፤ «ዘይቷ ደሟም ውሃዋም ነው» የምትለው ነገርህ። ሲያሰኝህ ደግሞ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት የወሰደቻቸው ቮልስ መሆኗን አንስተህ «ንጉሥ የጫነች ዘር ናት፣ አክብሯት» ትለናለህ።

ወደ እኔው ልመለስ። በአራተኛው ሌሊት ሥራ ቦታ፣ ሊጣል የተቀመጠ የኦክስጅን ቱቦ አየሁ። ለስላሳ፣ ቀጭን፣ ጠባብ። ነርሷን አስፈቅጄ ክንድ ያህል ቆረጥኩ። ጠዋት መጀመሪያ ሽቦ ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ፣ አልኮል ነክሬ፣ የብረቱን አናት ጠረግኩ፤ ዘይት እያለበት ምንም አይይዘውምና። ቱቦውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አለስልሼ አወረድኩትና አናቱ ላይ ገፋሁት። ጠባብ ስለሆነ ነከሰው። እስኪበርድና እስኪጠብቅ ቆየሁ። ከዚያ እያዞርኩ፣ እያዞርኩ፣ ሳልቸኩል ሳብኩ። መጀመሪያ አናቱ ብቅ አለ። በጣቴ ያዝኩት። ብቻዬን መኪና ማቆሚያ ላይ እልል አልኩልህ። አንዲት ፈረንጅ ውሻዋን ይዛ ቆማ አየችኝ።

ብረቱንና የፕላስቲኩን ስብርባሪ ጋዜጣ ላይ ዘርግቼ ገጣጠምኩ። አንዲት ቢጫ ፍንጣሪ ጎደለች። መኪናው ባትሪ ሥር ተወሽቃ አገኘኋት። ሁሉም ሞላ። ያኔ ብቻ ነው ልቤ የረጋው። አንተ ይህን ያህል ዓመት ሳትቆጥር የኖርከው በእኔ ምክንያት ነው፤ ያን ጋዜጣ አጥፌ ስነሳ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ወሰንኩ።

አዲሱንም ቢሆን በአንዴ አላገኘሁም። መጀመሪያ ርካሽ አዘዝኩ። ከአሮጌው ጎን ሳስተኛው አንድ ጣት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ያጥራል። በዚህ የሚለካ ሰው ሙሉውን ጎደለ እያለ ሲጨምር ይኖራል። መልሼ ኦሪጅናሉን ገዛሁ፤ 30 ዶላር አልሞላም። ዘይት መቀየሪያዋም ደርሶ ነበርና ያንተን ዘዴ ተጠቀምኩ። 4 ነጥብ 2 ሊትር ለክቼ ሞልቼ ነከርኩት። የላይኛዋ ነጥብ ላይ ቁጭ!

ጉድ ልንገርህ ደግሞ፤ አሁን አንዳንድ ውድ የጀርመን መኪኖች ጭራሽ የዘይት መለኪያ የላቸውም። ዘይቱ ስንት እንደሆነ በስክሪን ነው የሚነግሩህ። «መኪናዋ ስለ ራሷ የምትለውን አምኜ ልንዳ?» ስትል ይታየኛል።

እንግዲህ የላክሁትን ልንገርህ። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ በ2003 ተሠርታ ብታበቃም ዕቃዋ እዚህ እንደ ልብ ይገኛል። አንድ የዘይት መለኪያ ገዝቻለሁ። ለፋሲካ በሚመጣው ሰው እጅ፣ በካርቶን ተጠቅልሎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል። ወንድሜ መስመሩ አልታይህ እያለ ዘይት ማየት እንዳቆምክ ነግሮኛል። ስለዚህ ሁለቱም መስመሮች ላይ በሞረድ በስሱ ጫር ጫር አድርጌያለሁ። የብረት ብናኝ እንዳይቀርበት አጥቤዋለሁ። በጥፍርህ ዳብሰው፤ ይሰማሃል። ማጎንበሱን ለወንድሜ ተውለት። እሱ ያውጣ፣ አንተ ዳብስ።

አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አስተኝተህ እያቸው። አዲሱ የሚበልጠው በቁራጯ ልክ ነው። አሮጌውን ግን አትጣለው፤ ስመጣ እወስደዋለሁ።

ቡፌው ላይ ደግሞ፣ ከቁልፉ ቀዳዳ በታች በግራ በኩል፣ ጭረት አለ። እማዬ አይጥ ነው ብላ ነው የምታውቀው።

ናፋቂ ልጅህ